ካርዱ ላይ ከጻፋችሁ በኋላስ? ለወጣት አዋላጆች

ልጆቼ፣

የነፍሰ ጡር ክትትል ክፍል ስትመደቡ ፊታችሁ እንደሚከፋ አውቃለሁ። ማዋለጃ ክፍል ይሻላል። ሩጫ አለ፣ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል። ክትትል ክፍል ግን ኪሎ፣ ግፊት፣ ሽንት፣ ሆድ መለካት፣ ካርድ መሙላት፣ ከዚያ «ቀጣይ!» ነው። ብዙ ዓመት አዋልጄ፣ ብዙ ዓመት አስተምሬ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ይህን ቅሬታ ከእናንተ በፊት የነበሩት ሁሉ ነግረውኛል።

እኔም በወጣትነቴ ብዬዋለሁ። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ሥራው ከየት እንደመጣ ማንበቤ ነው። ታሪኩ ደስ የሚል ብቻ አይደለም። መሃሉ ላይ የሚጎረብጥ እውነት አለበት፤ ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁትም በእሱ ምክንያት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፍላችሁ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

እስቲ እንግሊዝና ስኮትላንድን እ.ኤ.አ. በ1900 አካባቢ አስቡ። ባቡር አለ፣ ስልክ አለ፣ ትልልቅ ሆስፒታሎች አሉ። ነፍሰ ጡሯን ግን ምጥ እስኪመጣ ድረስ የሚያያት የለም። ሴትየዋ አዋላጇን ወይም ሐኪሙን አስቀድማ ትነግራለች፤ «በዚህ ወር ገደማ እፈልግሃለሁ» ትላለች፤ በቃ። እርግዝና የሚወራ ነገር አልነበረም። ሴቶቹ ሰፊ ልብስ ለብሰው ይደብቁት ነበር። ይሄ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እኛ ጋም «ዓይን እንዳይገባኝ» ብላ አምስት ስድስት ወር ሳትናገር የምትቆይ ስንት አለች?

የሚገርመው እውቀቱ አለመጥፋቱ ነው። ጆን ሌቨር የተባለ የለንደን ሐኪም በምጥ ጊዜ የሚያንቀጠቅጣቸው ሴቶች ሽንት ውስጥ አልቡሚን የሚባል ፕሮቲን እንዳለ ያሳየው በ1843 ነው። ኤክላምፕሲያ የምንለው መሆኑ ነው። ክንድ ላይ የሚታሰረው የግፊት መለኪያም በ1896 ጣልያን ውስጥ ተሠርቷል። ስለዚህ መሣሪያውም እውቀቱም ነበር። ያልነበረው ሴትየዋ ደህና ሳለች የምታገኙበት ቦታ ነው። በሽተኛ ያልሆነን ሰው ወደ ሆስፒታል መጥራት ለዚያ ዘመን ሰው ትርጉም አይሰጠውም ነበር።

ይህን ካነሱት አንዱ ኤድንብራ የነበረው ዶክተር ባላንታይን ነው። በ1901 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ ለነፍሰ ጡሮች የሚሆን ልዩ ሆስፒታል ይቋቋም ብሎ ጻፈ። ሆስፒታሉን አላገኘም። ያገኘው አንድ አልጋ ነው። ለበጎ አድራጎት በተሰጠ ገንዘብ በኤድንብራ የወላዶች ሆስፒታል ውስጥ አንድ አልጋ ላላማጡ፣ ግን ችግር ላለባቸው ነፍሰ ጡሮች ተለየ። ዛሬ በየጤና ጣቢያው ያለው ነገር አንዱ ሥሩ እዚያ አልጋ ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ባላንታይን በዋናነት ይጨነቅ የነበረው ለፅንሱ ነው። ሙያው ጉድለት ይዘው የሚወለዱ ሕፃናትን ማጥናት ነበር። እናትየዋ ወደ ፅንሱ መድረሻ መንገድ ነበረች ማለት ይቻላል። ክፉ ሰው ነበር እያልኩ አይደለም። ግን ይህ አመለካከት በሥራው ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተጣብቆ ቀርቷል፤ ዛሬም ቢሆን ሆዷን እየለካን ፊቷን ሳናይ የምንሸኛት ቀን አለ።

ፓሪስ ውስጥ ደግሞ አዶልፍ ፒናር ነበር። ስሙን ታውቁታላችሁ፤ ኪሳችሁ ውስጥ ነው። ያ ጥሩንባ የሚመስለው የፅንስ ልብ ማዳመጫ በእሱ ስም ነው የሚጠራው፤ የተሠራውም በ1895 ነው። በባትሪ የሚሠራው ማዳመጫ፣ ዶፕለሩ፣ ባትሪ ሲጨርስ የምትመዙት እሱን አይደል? ፒናር በዚያው ዓመት ሌላም ነገር አሳየ። ፓሪስ ውስጥ ለደሃ ነፍሰ ጡሮች የተከፈተ ማረፊያ ነበር። እዚያ ገብተው የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ያረፉ ሴቶች እስከ ምጣቸው ድረስ ቆመው ከሠሩት ሴቶች የበለጠ ክብደት ያለው ልጅ ወለዱ። መድኃኒት አልተሰጣቸውም። ምግብ፣ አልጋና እረፍት ነው ያገኙት። ፈረንሳይ በ1913 ሠራተኛ ሴት ከመውለዷ በፊትና በኋላ እንድታርፍ የሚፈቅድ ሕግ ስታወጣ ከጀርባው ይህን የመሰለ ክርክር ነበር። ከአጣጥ ሆስፒታል ጀምሮ በአገራችን የተስፋፋውን የእናቶች ማቆያ ያየ ሰው ሐሳቡ ወዲያው ይገባዋል። ከሩቅ ቀበሌ የመጣች ሴት እዚያ ለሁለት ሳምንት ውኃ ሳትቀዳ፣ እንጨት ሳትሸከም መዋሏ ራሱ ሕክምና ነው።

መንግሥታት ለምን ገቡበት? እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ለእናቶች አዝነው» ይላል። እውነቱ ትንሽ መረር ይላል። እንግሊዝ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከቦር ሰፋሪዎች ጋር ስትዋጋ (ከ1899 እስከ 1902) ለውትድርና ከቀረቡት ወጣቶች ብዙዎቹ በአካል ብቁ አይደላችሁም ተብለው ተመለሱ። አገሩ ደነገጠ። ያን ጊዜ እዚያ አገር ከሚወለዱ ሺህ ሕፃናት 150 ያህሉ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ወታደር ከየት ይምጣ? ሠራተኛ ከየት ይምጣ? ወሬው ወደ ሕፃናት ሄደ፣ ከሕፃናት ወደ እናቶች። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ጉዳዩ ይበልጥ ተጣደፈ። ኤድንብራ ውስጥ ነፍሰ ጡሮች በተመላላሽ የሚታዩበት ክሊኒክ የተከፈተው በ1915 ነው። በ1918 ደግሞ የእናቶችና ሕፃናት ደኅንነት ሕግ ወጣ። የአካባቢ አስተዳደሮች በመንግሥት ገንዘብ እየተደገፉ ክሊኒክ መክፈት ጀመሩ።

ሴቶቹ ራሳቸውም ዝም አላሉም፤ ይህን ማንም አይነግራችሁም። የሠራተኛ ሚስቶች የኅብረት ሥራ ማኅበር ነበራቸው። ማኅበሩ በ1915 ከአባላቱ የተሰበሰቡ 160 ያህል ደብዳቤዎች አሳተመ። ስለ ተደጋጋሚ እርግዝና፣ ስለ ውርጃ፣ ባልና ልጅ አብልቶ ራስ ስለ መራብ የጻፉ ናቸው። ከዚያ በፊትም በገንዘብ ጉዳይ ታግለዋል። የ1911 የመድን ሕግ ለወላድ 30 ሺሊንግ እንዲሰጥ ፈቅዶ ነበር። ግን ገንዘቡ የሚገባው በባልየው እጅ ነበር። መጠጥ ቤት የቀረው ስንቱ ይሆን! ሴቶቹ ተከራከሩ፤ በ1913 ሕጉ ተሻሽሎ ገንዘቡ የእናትየዋ ሆነ። እኔ ከሐኪሞቹ ሁሉ ይልቅ እነዚህን ሴቶች ነው የማደንቀው።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ የተጀመረው በእግር ነው። ቦስተን ውስጥ በ1909 ኤልሳቤት ሎዌል ፑትናም የምትባል ሴት ከማኅበሯ ጋር ሆና ነርሶችን ወደ ነፍሰ ጡሮች ቤት መላክ ጀመረች። ነርሷ በየ10 ቀኑ ገደማ ትሄዳለች። የምታክመው ሕመም የለም፤ ዝም ብላ ለማየት ነው የምትሄደው።

የሽንቱን ነገር ልንገራችሁ፤ እናንተ ያለ ዲፕስቲክ፣ ያለዚያች የሽንት መመርመሪያ ወረቀት፣ አትሠሩም። ያን ጊዜ ሽንቱ በመስታወት ቱቦ ይቀዳል። ነርሷ ቱቦውን ታችኛው በኩል ይዛ ላይኛውን ክፍል በአልኮል ፋኖስ ነበልባል ላይ ታሞቀዋለች። ሲፈላ ከላይ ነጭ ደመና ሊሠራ ይችላል። እዚያ ላይ ጥቂት ጠብታ አሴቲክ አሲድ ትጨምራለች። ደመናው ሟምቶ ከጠፋ ችግር የለም። ካልጠፋ ፕሮቲን ነው። ከታች ያለው ጥርት ያለ ሽንት ስላለ ሁለቱን ማነጻጸር ይቀላል። አሁን ወረቀት ነክራችሁ ከቀለም ጋር በደቂቃ ውስጥ ታነባላችሁ። ፈጣን ነው፤ ጥሩ ነው። ግን ያቺ ነርስ ቱቦውን ይዛ ስትቆም ሴትየዋ አጠገቧ ተቀምጣ ትጠብቃለች፤ ያወራሉ። እግርሽ ያብጣል ወይ? ራስሽን ያምሻል? ምን በላሽ? ባልሽ ሥራ አለው? ከምርመራው እኩል ይህ ወሬ ነው ሥራውን የሠራው ብዬ ነው የማምነው።

እንግሊዝ ውስጥ ክሊኒኮቹ በፍጥነት በዙ። በ1918 ከመቶ ብዙም አይበልጡም ነበር፤ በ1930ዎቹ አጋማሽ ከሺህ በላይ ሆኑ። በ1929 የጤና ሚኒስቴሩ መመሪያ አወጣ። የመጀመሪያው ጉብኝት በ16ኛው ሳምንት፣ ቀጥሎ በ24ኛው፣ በ28ኛው፣ ከዚያ እስከ 36 በየሁለት ሳምንቱ፣ ከ36 በኋላ በየሳምንቱ። ይህ ሰንጠረዥ በብዙ አገር የክትትል ካርድ ላይ ለአሥርተ ዓመታት ኖሯል። በጥናት ተፈትኖ የወጣ አልነበረም፤ ለባለሙያዎቹ ምክንያታዊ መስሎ ስለታያቸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በኋላ አራት አለ፤ በ2016 ደግሞ ስምንት አለ። ቁጥሩ ላይ እንዳትጣሉ።

አሁን ወደሚጎረብጠው እውነት ልምጣ።

ይህ ሁሉ ክሊኒክ ተከፍቶ፣ ይህ ሁሉ ሽንት ፈልቶ፣ የእናቶች ሞት አልቀነሰም። ከ1900 እስከ 1930ዎቹ አጋማሽ ድረስ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ከሺህ ወሊድ ከ4 እስከ 5 እናቶች ይሞቱ ነበር። በዚያው ጊዜ የሕፃናት ሞት ከግማሽ በታች ወርዷል። የእናቶቹ ግን ባለበት ቆመ፤ እንዲያውም በ1930ዎቹ መጀመሪያ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር። ይህን መጀመሪያ ሳነብ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ብዙ ቆይቻለሁ። ሕይወታችንን የሰጠነው ለምን ነበር?

ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ከሁሉ ይበልጥ እናቶችን ይገድል የነበረው ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ኢንፌክሽን ነው። ሆድ በመለካት አይገኝም። የሚመጣው በአዋላጁ እጅ፣ በሐኪሙ እጅ፣ ከጉሮሮው ነው። አንዳንዱ ሐኪም ደግሞ ምጡ እስኪገፋ ሳይታገሥ ሕፃኑን በመሣሪያ ይጎትት ነበር። ለዚህ ነው የሀብታሞቹ ሚስቶች ሐኪም ቤታቸው እየመጣ አዋልዷቸው ከድሆቹ ያላነሰ፣ አንዳንዴም የበለጠ የሚሞቱት። ብር ያለው ሰው ሞትን በገዛ ብሩ ሲጠራ አስቡት።

ሌላው ምክንያት እኛን በቀጥታ ይነካናል። ክሊኒኩና ወሊዱ ተለያይተው ነበር። የአስተዳደሩ ክሊኒክ ያለችው ሐኪም መመርመርና መምከር እንጂ ማከም አይፈቀድላትም፤ የግል ሐኪሞቹ ሥራችንን ትነጥቁናላችሁ ብለው ነበር። ስለዚህ ግፊቷ ከፍ ያለባትን ሴት «ሐኪምሽን አማክሪ» ብላ ትሸኛታለች። ሴትየዋ ለሐኪሙ የምትከፍለው ገንዘብ የላትም፤ አትሄድም። ምጡ ሲመጣ የምትጠራው አዋላጅ ደግሞ ክሊኒኩ ምን እንዳገኘ አታውቅም። ውጤቱ ተጽፏል። ካርዱ ክሊኒክ መሳቢያ ውስጥ ነው። ሴትየዋ ቤቷ ትንቀጠቀጣለች።

የኢንፌክሽኑን ሞት ያወረደው መድኃኒት ነው። ጀርመናዊው ዶማክ በ1935 የመጀመሪያውን የሰልፋ መድኃኒት አስታወቀ፤ በ1936 ሐኪሙ ኮልብሩክ ለንደን ውስጥ በኩዊን ሻርሎት ሆስፒታል ለወላዶች ሰጥቶ አሳየ። ከዚያ በኋላ የሞቱ ቁጥር ቁልቁል ወረደ። ደም መስጠትና ፔኒሲሊን ሲጨመሩማ ሌላ ዓለም ሆነ። ግን ክትትል ከንቱ ነው እንዳትሉ። ሁለት ቦታ ልጥራላችሁ።

አንዱ ሮችዴል ነው፤ ሰሜን እንግሊዝ ያለ የጥጥ ፋብሪካ ከተማ። በ1920ዎቹ መጨረሻ ላይ የእናቶች ሞቱ ከአገሩ አማካይ በእጥፍ ገደማ ነበር፤ ከሺህ ወሊድ ወደ 9። በ1930 ቶፒንግ የሚባል አዲስ የጤና ኃላፊ መጣ። የረቀቀ ነገር አላመጣም። ሐኪሞቹን፣ አዋላጆቹንና ክሊኒኩን አንድ ላይ አስቀመጣቸው። ከባድ ነገር ሲገጥም ስፔሻሊስት እንዲጠራ አደረገ። ጉዳዩን ወደ አደባባይ አወጣው፤ በስብሰባና በጋዜጣ ከተማው ሁሉ እንዲያወራበት። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሞቱ ከግማሽ በታች ወረደ። ሰልፋ ገና አልመጣም ነበር።

ሁለተኛው የኬንታኪ ተራራ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ። ሜሪ ብሬኪንሪጅ በ1925 መንገድ በሌለበት አገር የነርስ አዋላጆች አገልግሎት አቋቋመች። ነርሶቿ በፈረስና በበቅሎ፣ ወንዝ እየተሻገሩ ይሄዱ ነበር። ክፍያው ትንሽ ነበር፤ ገንዘብ የሌለው በዶሮም በእንጨትም ይከፍል ነበር። ቁም ነገሩ ፈረሱ አይደለም። በእርግዝናዋ ጊዜ የምታያት ነርስ ራሷ፣ ወይም የዚያው ጣቢያ ባልደረባዋ፣ ታዋልዳታለች፤ ከወለደችም በኋላ ተመልሳ ትጎበኛታለች። አንድ የሕይወት መድን ድርጅት የመጀመሪያዎቹን 1000 ወሊዶች መዝገብ መረመረ። ከእርግዝና ወይም ከምጥ በቀጥታ የመጣ ሞት አላገኘም። በዚያ ዘመን፣ በዚያ ተራራ፣ ያለ ሰልፋ።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ከእናንተ የምፈልገው ይህንን ነው። ያገኛችሁትን ነገር ተከተሉት። ግፊቱ 140 በ90 ከሆነ ካርድ ላይ ጻፋችሁ፤ በቀይ አሰመራችሁ፤ ሪፈር ጻፋችሁ። ከዚያስ? ሆስፒታል ደረሰች? ማን ተቀበላት? የታክሲ ብር ነበራት? ባሏን ሳታስፈቅድ መሄድ ትችላለች? ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወደ ቤት የሄደችውን ስንቷን አይቻለሁ። የሰጣችኋት ወረቀት የእናንተን ሕሊና እንጂ የእሷን ግፊት አላወረደም።

እኛ አገር የ2019 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ከወለዱት ሴቶች 74 ከመቶው ቢያንስ አንድ ጊዜ በባለሙያ ታይተዋል። አራትና ከዚያ በላይ የመጡት 43 ከመቶ ናቸው። በጤና ተቋም የወለዱት 48 ከመቶ ናቸው። ክትትል ክፍል ያሉ ሰዎች ሁልጊዜ የሚያወሩት ስላልመጡት ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ አንዴ መጥተው የጠፉት ናቸው። በሩ ላይ ቆመው አይተውናል፤ ወንበራችን ላይ ተቀምጠዋል፤ ከዚያ አልተመለሱም። ለምን?

መልሱን ከእነሱ ነው የምታገኙት። አንዳንዴ ርቀት ነው። አንዳንዴ አራት ሰዓት ወረፋ ጠብቃ ሁለት ደቂቃ መታየቷ ነው። አንዳንዴ ደግሞ እኛ ነን። በሰባት ወሯ የመጣችን ሴት «እስካሁን የት ነበርሽ?» ብላችሁ በሰው ፊት አትቆጧት። መጣች እኮ! ቁጣው እሷን በሰዓቱ አያመጣትም፤ ጎረቤቷን ግን ያስቀራል። ወሬው በቡና ላይ ይዞራል።

የምትወልድበትን ቦታ ጠይቁ፤ «ጤና ጣቢያ» ብላ ብትመልስ አትመኑ። በሌሊት ቢመጣስ? ማን ያደርስሻል? ልጆቹ ጋ ማን ይቀራል? ስልክ ቁጥሯን ያዙ፤ ስልክ ከሌላት የጎረቤቷን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ስም ጠይቁና ደውሉላት፤ የቤቱን በር የምታውቀው እሷ ናት። የልምድ አዋላጇንም አትናቋት። ብዙ ጊዜ ምጡ ሲጀምር መጀመሪያ የምትጠራው እሷ ናት፤ ስለዚህ የአደጋ ምልክቱን ለእሷም ንገሩ፤ ደም ሲፈስ፣ ራስ ሲፈልጥ፣ ዓይን ሲጋረድ፣ ልጁ መንቀሳቀስ ሲያቆም።

ሪፈር የጻፋችሁላትን ሴት ስም በትንሽ ደብተር ላይ ለብቻ ያዙ። በማግሥቱ ወደ ሆስፒታሉ ደውላችሁ ደርሳለች ወይ በሉ። መጀመሪያ ይሰለቿችኋል። «ማነሽ አንቺ?» ይሏችኋል። ሁለት ሦስት ሳምንት ከደወላችሁ በኋላ ግን ድምፃችሁን ይለምዱታል፤ እናንተም የማታ ተረኛው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ካልደረሰች ደግሞ ለቤቷ ደውሉ። የአየር ሰዓቱን ከኪሳችሁ እንዳታወጡ ኃላፊያችሁን ጠይቁ። እሱ «ይሄ የክትትል ክፍል ሥራ አይደለም» ቢላችሁ የሮችዴልን ታሪክ ንገሩት።